የባዶው ቤት አራተኛ በር

ሸምሲያ ወፎቹ ድምፅ እንዳላቸው የሰማችው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። የነገረቻት የወንድሟ ልጅ ጀነት ናት፤ ያውም እንደ ዘበት፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ተደግፋ፣ ስልኳን እየነካካች።

«አራተኛው በር እኮ በድምፅ ነው የሚከፈተው፣ አክስቴ። ወፎቹ ያዜማሉ፤ አንቺ የሰማሽውን በእጀታዎቹ ትደግሚላቸዋለሽ። አምደሚካኤል ያኔ ከደብረ ወርቅ ዜማ ቤት እንደመጣ አንዴ ሰምቶ ነው የከፈተው። አንዴ ብቻ።»

ሸምሲያ ስቴፕለሩን እንደያዘች ቀረች። የምትሰፋው የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነበር፤ ገጾቹ ከእጇ አምልጠው ጠረጴዛው ላይ ሲበተኑ አላየቻቸውም። መናደዷን ያወቀችው ቆይታ ነው።

ባዶው ቤት የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛው ሌላ ረጅም ስም አለው፤ «ባዶው ቤት» ያሉት የደብረ ማርቆስ ልጆች ናቸው። ጨዋታው ውስጥ ሰው የለም፣ የሚያሳድድህ የለም፣ የምትተኩስበት የለም። አንተ ራስህ እንኳ አትታይም፤ ዓይንህ ብቻ ነው ያለኸው። በአንድ ሰፊ ሰው የለሽ ቤት ውስጥ ትዞራለህ፣ የተዘጋ በር ታገኛለህ፣ የተዘጋበትን ምሥጢር ፈትተህ ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለህ። ይኸው ነው። ግን ሰዉ እንዴት እንደወደደው አይጠየቅም። ከመጀመሪያው በኋላ አራት ተከታይ ወጣለት፤ ዛሬ የዓለም ሰው በኢንተርኔት ተሰባስቦ፣ እኔ በዚህ ዓመት በዚህ ከተማ እንዲህ አድርጌ ፈታሁት እያለ ይተራረካል። በ2008 ሃያ ዓመት ሞላው ተብሎ የደብረ ማርቆስ ተማሪዎችም በዓል ሊያከብሩለት ተነሡ። የክብር እንግዳው አምደሚካኤል ሆነ፤ በከተማው ባዶውን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሶ የወጣ ሰው፣ አሁን አዲስ አበባ የጌም መሥሪያ ትምህርት ቤት ያለው፣ በጋዜጣ ፎቶው የሚወጣ።

ልክ ነው፣ የመጀመሪያው እሱ ነው ተብሎ ይታወቃል። አራተኛውን በር የከፈተችው ግን ሸምሲያ ናት።

በ1992 መጨረሻ አብዱልቃኒ፣ የሸምሲያ ታላቅ ወንድም፣ ገበያው አጠገብ አራት ኮምፒዩተር አስገብቶ የታይፕ ማሠልጠኛ ከፈተ። አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል አስወጥቶ ሱቁን እንድትጠብቅ ያስቀመጣትም እሱ ነው። ኮምፒዩተሮቹ ሲመጡ ከየጎናቸው ሁለት ሁለት ድምፅ ማጉያ ነበራቸው። አብዱልቃኒ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ነቅሎ በካርቶን አሰራቸውና ለሻጩ መለሳቸው። «ማሠልጠኛ ነው የከፈትኩት እንጂ ጠላ ቤት አይደለም» አለ። ዘፈን የሚያስከፍቱ ሠልጣኞች ይመጣሉ ብሎ ፈርቶ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ከኪቦርድ ኳኳታ በስተቀር ድምፅ የሚባል አልተሰማም።

ከኮምፒዩተሮቹ ጋር የመጣ አንድ ሲዲ ነበር። ሠልጣኞቹ አብዱልቃኒ ዞር ሲል ይከፍቱታል። ሦስቱን በሮች ተረባርበው ከፈቱ፤ አራተኛው ላይ ሁሉም ቆሙ። ግድግዳው ላይ አምስት የናስ ወፎች ተደርድረዋል። በየወፉ ሥር አንድ እጀታ አለ፤ እጀታው ከታች እስከ ላይ በአምስት ቦታ ይቆማል። ገመዱን ስትስበው ወፎቹ በተራ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በቃ። ልጆቹ አፍ አከፋፈታቸውን ቢያዩ፣ ላባቸውን ቢቆጥሩ ምንም አላገኙም። አንዱም ምናልባት ድምፅ ይኖረው ይሆናል አላለም፤ ድምፅ የሌለው ኮምፒዩተር ላይ የተማረ ሰው ኮምፒዩተር ድምፅ እንዳለው ከየት ያውቃል?

ሸምሲያ እንድትነካ የተፈቀደላት አቧራውን ለመጥረግ ብቻ ነበር። ግን ዓርብ ዓርብ አብዱልቃኒ ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ ሱቁ ይዘጋል፤ ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል። በሩን ከውስጥ ትቆልፍና ማሽኖቹን አጥፍታ ትጠብቀዋለች፤ ትእዛዙ እንዲህ ነው። ሲመለስ «አጠፋሽ?» ይላታል፤ «አጥፍቻለሁ» ትለዋለች።

አላጠፋችም። አንዱን ትከፍትና ወፎቹ ፊት ትቀመጣለች። ብልሃት የለውም ብላ ከደመደመች በኋላ የቀራት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ሁሉንም መሞከር። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ከዚያ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት። የሞከረችውን ሁሉ በሰማያዊ ሽፋን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሁሉም ቢሞከር ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃያ አምስት እንደሚሆን በጣቷ ደምራ ያገኘች ቀን ደብተሩን ከደነችው፤ ቢሆንም ቀጠለች። ማሽኑ ዘገምተኛ ነበር፤ በአንድ ዓርብ ከመቶ ብዙም አያልፍም። መብራት የሄደ ዕለት የመጨረሻውን ቁጥር ትሞክር አትሞክር ስለጠፋት መስመሩን እንዳለ ደገመችው። ያን ዓመት ረመዳንና የነቢያት ጾም ተገጣጥመው ከተማው ሁሉ ጾመኛ ነበር፤ እሷም በባዶ ሆዷ፣ አፋቸውን የሚከፍቱ ወፎች እያየች፣ እጀታ ትጎትታለች። ለምን እንደምትደክም ማንም ቢጠይቃት መልስ አልነበራትም። የራሷ የሆነ ሌላ ነገር ስላልነበራት ይመስለኛል።

የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ በሃያ አንደኛው ዓርብ፣ አራት፣ ሁለት፣ አምስት፣ አንድ፣ ሦስት ላይ በሩ ተከፈተ። ሸምሲያ ብቻዋን በተቆለፈ ሱቅ ውስጥ ቆማ አጨበጨበች። ከዚያ ደንግጣ ማሽኑን አጠፋችው፤ ጨዋታው ግን የተደረሰበትን ራሱ ይይዛል።

ቅዳሜ ጠዋት አምደሚካኤል ተራው ደርሶ ቢቀመጥ በሩ ተከፍቶ አገኘው። እሱ ያኔ ከደብረ ወርቅ ተባርሮ የመጣ፣ ታይፕ የሚማር ልጅ ነው። ሌሎቹ እሱ የከፈተው መስሏቸው ተንጫጩ። እሱ ግን ጠረጴዛው ሥር የተረሳውን ሰማያዊ ደብተር አይቷል፤ ከደብተሩ ወደ ሸምሲያ ተመለከተ። እሷ፣ እንዳትናገር ብላ፣ ራሷን ነቀነቀች። ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቃ፣ «የከፈትኩት እኔ ነኝ ብትል ደስ ይለኛል። ጋሼ በሶላት ሰዓት ማሽን እንደነካሁ ከሰማ ቁልፉን ይቀማኛል» አለችው። «እሺ» አላት። እሺታውም የልብ ነበር፤ ልጅ ነበረ። ቁጥሩን ግን በቃሉ ያዘው።

ስለዚህ ዝም በል ያለችው ራሷ ናት፤ ይህን ሸምሲያ አትክድም። በዚያ እሺታ ላይ አምደሚካኤል የሰቀለውን ነገር ግን አልፈቀደችም። እሱ ባሕር ዳር ሄደ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ከውጭ አገር የባዶው ቤት ወዳጆች ጋር ተዋወቀ። እንዴት ፈታኸው ሲሉት የዜማውን ታሪክ ፈጠረላቸው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ሩቅ ተራራ ላይ፣ የጥንት ዜማ የለመደ ጆሮ፣ አንዴ ሰምቶ ከፈተ። ፈረንጆቹ ታሪኩን ሲሰሙ አበዱ። ሰው የሚወደውን ውሸት ያገኘ ሰው ደግሞ መቼ ያቆማል?

ሸምሲያ የተበተኑትን ገጾች ሰብስባ ጀነትን ተመለከተቻት። «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለቻት።

ጀነት ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ናት፣ የበዓሉ አዘጋጅም ናት፣ አክስቷን የምታውቃት ግን ደብዳቤ ስትተይብና ወረቀት ስትሰፋ ነው። «እንዴት አድርገሽ? ወፎቹ ምን አሉሽ?»

«ምንም። ድምፅ አልነበራቸውም።»

«አየሽ፤ ድምፅ ከሌለ እኮ አይከፈትም፣ አክስቴ። ይሄን ለአባዬ ልንገረውና ይሳቅ።»

ሸምሲያ አፏን ከፍታ ዘጋችው። «ቀልዴን ነው» አለች። ቀኑን ሙሉ ለዚያ ቃል ራሷን ስትሰድብ ዋለች።

አብዱልቃኒን የማያውቅ ሰው ይህን ፍርሃት አይረዳውም። አሁን ወደ ጨርቅ ንግድ ገብቷል፤ ሱቁን ለሸምሲያ ከተወላት ዓመታት ሆነዋል። ፎቶ ኮፒውን ያስገባችው እሷ፣ ደንበኛውን ያፈራችው እሷ ናት። ንግድ ፈቃዱና ቤቱ ግን የሱ ነው። ደግሞ አብዱልቃኒ ለሌባ ልብ አለው፤ ወረቀት የሰረቀውን ሠራተኛ አምኖ ሲያለቅስ ይቅር ብሎታል። ለውሸታም ግን የለውም። ወለላ የምትባል ሠራተኛ በሩን ሳትቆልፍ «ቆልፌያለሁ» ስላለችው በዚያው ቀን አሰናበታት፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም አይላትም። ሸምሲያ የሱቁን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትውላለች፣ አንጠልጥላው ታድራለች። ያ ቁልፍ ከሌለ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላት፣ በወንድሟ ቤት ሰሃን የምታጥብ ሴት ናት። ይህን ራሷ ታውቀዋለች፤ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ባጃጅ ሱቁ ደጃፍ ቆመና አምደሚካኤል ወረደ። ጠጉሩን አሳድጓል፤ ጃኬቱ ውድ ነው። ገብቶ የመስተዋት በሩን ከኋላው ገፋው።

«ሸምሲ። አልተለወጥሽም እኮ።»

«አንተ ተለውጠሃል። ድሮ ጆሮ አልነበረህም።»

ሊስቅ ሞከረ። ማሽኖቹን ዙሪያውን አየ፣ ደህና ቤት አድርገሽዋል አለ፣ ስለ ብርዱ አንድ ሁለት ነገር ተናገረ። ሸምሲያ ወንበር አላቀረበችለትም። መጨረሻ ላይ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ያ ሰማያዊ ደብተር አለ?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«የባዶው ቤት ወዳጆች የድሮ ማስታወሻ እየሰበሰቡ ነው። የኔን ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ያ ነገር እንዲህ ቁጥር በቁጥር ሆኖ ቢወጣ ሰው ግራ ይጋባል። እኔ ጋ ቢቀመጥ ይሻላል።»

«ውሸትህ እንዳይወጣ።»

«ውሸት አትበዪው፣ ሸምሲ። ታሪክ ነው። ሦስት ሺህ ጊዜ እጀታ ሲጎተት መስማት የሚወድ ማን አለ? እኔ ያልኩት ለጎጃም ክብር ነው፣ ለዜማው ክብር ነው። ልጆቹ ይኮሩበታል። የወንድምሽ ልጅም ጭምር።»

«ዜማ ቤት ስንት ወር ቆየህ?»

ወደ ደጃፉ ተመለከተ።

«እኔ ልንገርህ፤ ራስህ ነህ ያጫወትከኝ። አራት ወር። መምህሩ፣ ይህ ልጅ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን አይለይም፣ ጊዜውን አያባክን ብለው ሰደዱህ። እያለቀስክ ነው የነገርከኝ።»

አምደሚካኤል ጃኬቱን ዘጋ። ከዚህ በኋላ ድምፁ ሌላ ሆነ። «ስሚኝ። ብትናገሪ ማንም አያምንሽም። ደግሞ ጋሼ አብዱልቃኒ ቅዳሜ ከፊት ወንበር ነው የሚቀመጡት፤ የመጀመሪያው ማሠልጠኛ ባለቤት ተብለው ይሸለማሉ። ዓርብ ዓርብ፣ እሳቸው ሰግደው እስኪመለሱ፣ ምን ስትሠሪ እንደነበር እሳቸው ፊት መተረክ ካማረሽ ነይ።»

«ውጣ» አለችው።

«ላንቺው ብዬ ነው።»

«ውጣልኝ፣ አምደሚካኤል። ይሄን ቤት የምዘጋበት ሰዓት አሁን ነው።» ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር። ወጣ፤ ባጃጁ ሲነሣ ዞር ብሎ አላያትም።

ልትቀር ወስና ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጀነት ፍላሽ ይዛ እየሮጠች ባትመጣ ኖሮ ትቀር ነበር። ለእንግዶች የሚታደል ትንሽ መጽሔት ነበረ፤ ሁለት መቶ ቅጂ፣ እስከ ስምንት ሰዓት መድረስ አለበት። ሸምሲያ አተመችው፣ አጠፈችው፣ መስፋት ጀመረች። የዜማው ታሪክ ገጽ ሦስት ላይ ነው። እየሰፋች አነበበችው፤ አንዴ ብታነበው ይበቃ ነበር፣ ግን ቅጂው ሁለት መቶ ስለሆነ ዓይኗ ሁለት መቶ ጊዜ ወደቀበት። ወደ መጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «በዚያ ሱቅ ሸምሲያ የምትባል ደግ ልጅ ነበረች። እኛ ከወፎቹ ጋር ስንታገል ሻይ ታመጣልን ነበር።»

ሻይ አምጥታላቸው አታውቅም። አብዱልቃኒ ኮምፒዩተር አጠገብ ፈሳሽ አያስደርስም።

ጀነት ክምሩን ስትቀበላት የአክስቷን ፊት አየችና ምን ሆንሽ አለቻት።

«እመጣለሁ» አለች ሸምሲያ።

«የት?»

«በዓላችሁ ላይ።»

ጀነት ገባት። «አክስቴ፣ ያንን ቀልድ እዚያ እንዳትደግሚው። ሦስት ወር የለፋሁበት ነው። ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ።»

«ቀልድ አይደለም።»

«ቀልድ ካልሆነ ደግሞ ቅናት ነው» አለች ጀነት፣ ወረቀቱን ታቅፋ ወጣች። ሸምሲያ ከዕቃ ማስቀመጫው ሥር ደብተሩን አወጣች፣ በፌስታል ጠቀለለችው፣ ሱቁን ቆለፈች።

አዳራሹ ሞልቷል። አብዱልቃኒ ከፊት ተቀምጦ አዲስ ጋቢ ደርበውለታል፤ ደስ ብሎታል፣ ግን ደስታውን እንዳያስታውቅ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይዟል። ሸምሲያ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አምደሚካኤል ማይክ ይዞ ተናገረ፤ አሳመረው ማለት ውሸት አይሆንም። ደብረ ወርቅን አነሣ፣ የመምህሩን ዘንግ አነሣ፣ የልጅነቱን ብርድ አነሣ። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ሰሙት። ሲጨርስ ጀነት፣ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ የሃያኛ ዓመቱን አዲስ ዕትም በትልቁ ሸራ ላይ ከፈተችው። አራተኛው በር መጣ። ወፎቹ እንደ ድሮው ተደርድረዋል፤ ብቻ አሁን ናሳቸው ያብለጨልጫል። ጀነት ገመዱን ሳበች።

ወፎቹ አዜሙ።

ሸምሲያ ወንበሩን ጨበጠች። የመጀመሪያው ወፍ ወፍራም ድምፅ አወጣ፣ ሁለተኛው ቀጭን፣ ሦስተኛው ከሁሉ የወፈረ። ከፍ ያለው ድምፅ ከፍ ያለ እጀታ፣ ዝቅ ያለው ዝቅ ያለ። አምስቱ አዚመው ሳይጨርሱ ገባት። ለሕፃን ቢሰጥ ይከፍተዋል። ሁለት ማጉያዎች በካርቶን ታስረው ባይመለሱ ኖሮ፣ እሷ ሃያ አንድ ዓርብ የለፋችበትን በአንድ ደቂቃ ትጨርሰው ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠውን ነጭ ጋቢ አየችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቅጽበት ወንድሟን የጠላችበት ጊዜ የለም።

አምደሚካኤል ፈገግ ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደ። ድምፁን እንደገና አላስደገመም። አራት አለ፣ ሁለት አለ፣ አምስት፣ አንድ፣ ሦስት። መክፈቻውን ነካው። በሩ ዝም አለ።

ጀነት ጠጋ ብላ፣ «በአዲሱ ዕትም ዜማው ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር ይቀያየራል፤ እንደገና ይስሙት» አለችው። ማይኩ ክፍት ስለነበር አዳራሹ ሰማው። ወፎቹ አዜሙ። አምደሚካኤል ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ እጀታዎቹን አንቀሳቀሰ። በሩ አልተከፈተም። ለሦስተኛ ጊዜ አስደገመ። አሁንም አልተከፈተም። ከመሐል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። «የዚህ አዳራሽ ማስተጋባት ዜማውን ያበላሸዋል» አለ አምደሚካኤል። ተማሪዎቹም፣ ሊያምኑት ስለፈለጉ፣ አጨበጨቡለት።

ሸምሲያን ያስነሣት ጭብጨባው ነው። በመሐል መተላለፊያው ወደ ፊት ሄደች። «የፎቶ ኮፒዋ ናት» የሚል ድምፅ ሰማች። አብዱልቃኒ ዞሮ አያትና ግራ ገባው። ጀነት፣ «አክስቴ፣ በአላህ ተይ» አለቻት በሹክሹክታ። አምደሚካኤል ማይኩን ከአፉ አርቆ፣ «ጋሼ እዚህ አሉ» አላት።

«አይቼዋለሁ» አለችው።

ተቀመጠች። በኪቦርዱ ድምፁን ዘጋችው፤ የወፎቹ ምስል ብቻ ቀረ። ከፌስታሉ ደብተሩን አውጥታ ከጀርባው ባዶ ገጽ ላይ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ብላ ጻፈች። እጀታዎቹን አስተካክላ ሞከረች። አልተከፈተም። ሠረዘችው። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት።

አዳራሹ ሳቀ። ቀጠለች። እጇ እጀታውን ሳያይ ያገኘዋል፤ ስትጽፍ ዓይኗ ከወፎቹ አይነሣም። ዐሥረኛው ላይ ፉጨት ነበረ፣ ሃያኛው ላይ ጥቂት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። አርባ ላይ የሚስቅ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለቀልድ እንደማያደርገው የገባቸው ይመስላል።

ጀነት አጎንብሳ የደብተሩን ፊተኛ ገጾች ገለጠች፤ አክስቷ አልከለከለቻትም። ዓርብ፣ መስከረም 19 ቀን 1993። ከሥሩ የቁጥር መስመር፣ እያንዳንዱ የተሠረዘ። ዓርብ፣ መስከረም 26። ዓርብ፣ ጥቅምት 3። ገለጠች፣ ገለጠች። የመጨረሻው ዓርብ፣ የካቲት 9፤ የመጨረሻው መስመር አራት፣ ሁለት፣ አምስት፣ አንድ፣ ሦስት፣ ዙሪያው ተከቦ። ጀነት ያንን ቁጥር ከጥቂት ደቂቃ በፊት አይታዋለች። አምደሚካኤል ወፎቹን ሳያስደግም የነካው እሱን ነው።

ቀና አለች። «አባዬ» አለች፣ በአምደሚካኤል እጅ ያለው ማይክ ፊቷ አጠገብ ነበር፣ «ያኔ እነዚያ ኮምፒዩተሮች ድምፅ ማጉያ ነበራቸው?»

አምደሚካኤል፣ «አሁን ይሄ ምን...» ሊል ጀመረ።

አብዱልቃኒ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። የተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ነው፤ የሚጎዳውም ቢሆን። «አልነበራቸውም» አለ። «እኔ ነኝ ነቅዬ የመለስኳቸው። በዚያ ቤት አንድም ቀን ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም።»

አምደሚካኤል ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና የሚሄድበት ያጣ ሰው ሆኖ ቆመ። ጀነት ደብተሩን ይዛ ወደ አባቷ ወረደች፤ ገልጣ ሰጠችው። አብዱልቃኒ መነጽሩን አደረገ። ቀኖቹን አንድ በአንድ አነበባቸው፣ ሁሉም ዓርብ፣ የእህቱ እጅ ጽሑፍ። አንብቦ ሲጨርስ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወንበሩ ላይ አኖረና ወደ መድረኩ ወጣ፤ ደብተሩን ሸምሲያ ፊት ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«በጁምዓ ሰዓት?» አላት።

«በጁምዓ ሰዓት።»

«አጥፍቻለሁ ትዪኝ ነበር።»

«አዎ፣ እልህ ነበር።»

«ሃያ አንድ ጊዜ።»

«ሃያ አንድ ጊዜ፣ ጋሼ።»

በዚያ አዳራሽ ሙሉ በሙሉ ያመናት እሱ ነበር። ሌሎቹ ገና እየተንሾካሾኩ ነው፤ እሱ ግን እያንዳንዱን ዓርብ፣ እያንዳንዱን መልሷን አስታውሶ አምኗታል። ማመኑን ሸምሲያ ያወቀችው መዳፉን ዘርግቶ ፊቷ ሲቆም ነው። ምን እንደሚፈልግ አልተናገረም።

ጀነት ከሥር፣ «አባዬ፣ እንዲህ እንድታደርግ ብዬ አይደለም የጠየቅኩህ» አለች። አልሰማትም።

ሸምሲያ ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ወፎቹ አዞረች፣ እስክሪብቶውን አነሣች፣ የቆመችበትን ቁጥር ፈልጋ ቀጣዩን ጻፈች።